ደልማር ያሰናበተው ወርዋሪ

ደልማር ክሊንገር የመንደራችንን ልጆች በቢጫው አውቶቡስ ማመላለስ የጀመረው ጸጉሩ ገና ጥቁር ሳለ ነው። ዛሬ የሚጭናቸውን ልጆች አባቶችም ያመላለሳቸው እሱው ነው። ከበቆሎው እርሻ ማዶ ካለው ሐዲድ ሲደርስ፣ በረዶም ይጣል ዶፍ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በሩን ይከፍታል፤ እጁን ከፍ ያደርጋል። ልጆቹ ጸጥ ይላሉ። ባቡር አለመኖሩን በጆሮው ካላረጋገጠ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ሾፌር እንዲያ እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል፤ ሌሎቹ ለይስሙላ ያደርጉታል፣ እሱ ግን ከልቡ ነበር።

ጠዋት ልጆቹን አድርሶ ማታ እስኪመልሳቸው ያለው ቀን የእኛ ነው። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ የእሱም ቤት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጭር ብሏል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ደቅነን፣ ቺሊ የሚሉትን ባቄላ የበዛበት የሥጋ ወጥ እየበላን፣ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እናሠለጥናለን። ጨዋታው ሥዕል የለውም። ሣር የለ፣ ሯጭ የለ፣ ጽሑፍ ብቻ። «ወደ ግራ ወረወረ፤ አሥራ አንድ ያርድ» ይላል፤ በቃ። ልጄ አንዴ መጥቶ «አባዬ፣ የስልክ ማውጫ ነው እንዴ የምታነቡት?» ብሎ ሳቀብን። ይሳቅ። ሥዕል ያለው ጨዋታ የሚያሳይህ የሠሪውን ሜዳ ነው፤ እኛ የምናየው የየራሳችንን ነው። ደልማር አንዷን መስመር አንብቦ ዓይኑን ሲጨፍን የሜዳው ጭቃ እንኳ እንደሚሸተው አውቃለሁ።

ተጫዋቾቹ ያረጃሉ። አንድ የውድድር ዘመን አልቆ ሌላው ሲገባ ኮምፒውተሩ ቁጥራቸውን ሸርፎ ይጠብቅሃል፤ ፍጥነቱ ሰማንያ የነበረው ሰባ ሆኖ ታገኘዋለህ። ደልማር የሚያሸንፈኝ እዚህ ላይ ነው፤ የሚወደውን ሰው ሳይወድቅ ያሰናብታል። «ዓመት ቀድመህ ሸኘው እንጂ ዓመት አትዘግይበት» ይለኛል። እኔ አንጀቴ አልችል እያለ ሽማግሌ ሰብስቤ እቀጠቀጣለሁ። ሃርላን ፖግ የሚባል ኳስ ወርዋሪ ነበረው። ኮምፒውተሩ የፈጠረው ስም ነው፤ እሱ ግን እንደ ልጁ ይወደው ነበር። ጊዜው ሲደርስ አሰናበተው። ያን ቀን ቺሊውን አልጨረሰም።

ባለፈው ኅዳር የተሰላፊዎቹን ስም ኮምፒውተሩ ላይ እያስገባ ሳለ ፊቱን ቋጠረ።

«ፖግን አልቀበልም ይላል።»

«ፖግን? አሰናብተኸው የለም እንዴ?»

«ማን? እኔ? አንተ ሰውዬ አርጅተሃል።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ስሙን እንደገና ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ በዚህ ስም ተጫዋች የለም ብሎ መለሰለት። አሁንም ጻፈ፤ አሁንም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ ቴሳ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን እየጣለች፣ «አያቴ፣ ዛሬ ሐዲዱ ጋ ሳንቆም አለፍን» አለችኝ።

«አላስተዋልሽ ይሆናል።»

«እኛማ ጸጥ ብለን ነበር። እሱ ነው የረሳው።»

በማግስቱ ልጆቹን አድርሶ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«ደልማር፣ ትናንት ሐዲዱን ሳትቆም አልፈሃል።»

«ማን አለ?»

«ቴሳ።»

ቴሳ እንደማትዋሽ ያውቃል። ጓንቱን አወለቀ። «ዓመት ቀድመህ...» ብዬ ስጀምር እጁን አወናጨፈ።

«የራሴን ምክር መልሰህ አትምከረኝ። ሰኞ ሳይነጋ ሄጄ ቁልፉን አስረክባለሁ። አንተ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ራሴ ልናገር።»

ሰው ራሱን ላሰናብት ሲል እንዴት እንቢ ይባላል? አፌን ዘጋሁ።

ሰኞ ጠዋት የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከደጄ ጮኸ። ደልማር መሪውን ይዟል፤ ተላጭቷል፤ ፈገግ ብሏል፤ ከኋላው ወንበሩ ሁሉ ልጅ ነው። ቴሳ ልትሮጥ ስትል ቦርሳዋን ይዤ አስቀረኋትና እኔው የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣሁ።

«ዛሬ ወየውልህ» አለኝ፤ «ፖግን አሰልፌዋለሁ።»

የዓርቡ ንግግር ከነጭራሹ ከልቡ ጠፍቷል። ፈራሁ፤ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው ሐዲዱ ነው።

«ሞተሩን አጥፋና ቁልፉን ስጠኝ፣ አሠልጣኝ።»

ልጆቹን በመስታወቱ አያቸው፤ ከዚያ እኔን። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ሞተሩን አጠፋ።

«አሰናበትከኝ?»

«አዎ።»

«ቁጥሬ ስንት ደረሰ?»

መዳፌን ዘረጋሁ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረውና፣ ሐዲዱ ጋ እንደሚያደርገው፣ እጁን ከፍ አደረገ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። በተከፈተው በር በኩል የዕቃ ባቡር እየጮኸ ወደ ሐዲዱ ማቋረጫ ሲቀርብ ሁላችንም ሰማነው።