የነብሮ ቁጣ በፈቲሀ ጠረጴዛ ላይ

እሁድ ከሰዓት፣ ከቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ያለው የፈቲሀ ልብስ ስፌት ቤት በሩ ገርበብ ይላል። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲቆረጥበት የሰነበተው ሰፊ ጠረጴዛ ያን ቀን አገር ይሆናል። ፈቲሀ የልብስ ጠመኔዋን አንስታ ወንዝ ትስልበታለች። ጀፎረ ትስልበታለች፤ ሰፊውን የመንደር ጎዳና፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ፣ ግራና ቀኙን እንሰት የከበበው።

ጨዋታውን ያስተማራት አዲስ አበባ ያለ የአጎቷ ልጅ ነው። አሸናፊ የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥርና በዚያ ሰው አፍ ይናገራል። ፈቲሀ ተራኪ ናት፤ ምን እንደገጠማቸው ትነግራቸዋለች፣ ያጠራጠረውን ደግሞ የሉዶ ዳይስ ይወስነዋል።

ሩቲ የአገና ልጅ ናት፣ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ከልጅነቷ ምላሷ ይያዛል። «ዳ... ዳ...» ስትል ገዢው «ዳቦ አለ ለማለት ነው?» ብሎ ይጨርስላታል፤ እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች። ሰው ሁሉ ቃሏን ከአፏ እየነጠቀ ነው ያሳደጋት። በፈቲሀ ጠረጴዛ ላይ ግን ሩቲ ወለላ ናት፤ አገር ለአገር የምትዞር ዘፋኝ። በዜማ ስትናገር ምላሷ አይያዝም፤ እንደ ውሃ ይፈሳል።

*ለሚታገሠኝ፣ ደጄ ለቆመ፣*
*ድምፄ ይደርሳል እያዘገመ።*

ይህን ያዜመች ቀን ፈቲሀ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው አዙራ እንባዋን በክር መጠቅለያ ጨርቅ ጠርጋለች።

ሀቢቡ የቡታጅራ ወልቂጤ ሚኒባስ ይነዳል። የእሱ ሰው ነብሮ ይባላል፤ ርግማን ያለበት ተዋጊ። ውጊያ ላይ ሀቢቡ ዳይሱን ጥሎ አንድ ከወጣ ነብሮ ራሱን ይስታል። ያን ጊዜ ወዳጅ ጠላት አይለይም። ሕጉን ሀቢቡ ራሱ ነው ያወጣው፤ ሁሉም ወደውለት ነበር።

ያን እሁድ ሽፍቶች መንገድ ዘጉባቸው። ሀቢቡ ዳይሱን ጣለ። አንድ።

«አበደ!» አለ እየሳቀ፣ ከወንበሩ ተነስቶ። «ነብሮ ወደ ወለላ ይዞራል። አንቺ ዘፋኝ፣ ስትንጫጪ ሰለቸኝ ይላል። ምላሷን ይቆርጠዋል!»

ሩቲ ቀና አለች። «ሀ... ሀቢ...»

«ሀቢቡ ተው፣ ለማለት ነው። እኔ ምን ላድርግ ሩትዬ? ዳይሱ ነው። እኔ አይደለሁም፣ ነብሮ ነው!»

አብሯቸው የሚጫወተው ሞባይል ጠጋኙ አብርሽ «አቦ ሰውዬ፣ አበዛኸው» አለ። ሩቲ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

በሚቀጥለው እሁድ ወንበሯ ባዶ ሆነ።

«ለጨዋታ ነው እንዴ የምታኮርፈው?» አለ ሀቢቡ። «ሳምንቱን ሙሉ መሪ ጨብጬ፣ የተሳፋሪ ስድብ ውጬ ራሴን እይዛለሁ። እሁድ እንኳ ልለቀቅ እንጂ! ደግሞስ ነብሮ ነው፣ እኔ አይደለሁም!»

የፈቲሀ ደም ወደ ላይ ወጣ። ይህን ቃል ታውቀዋለች። ወልቂጤ ባል ነበራት። ሲቆጣ የስፌት መኪናዋን ከደረጃ ላይ ወርውሮ ሰብሮታል። ሲነጋ «ሰይጣን ነው ፈቲ፣ እኔ እንዳልነበርኩ ታውቂያለሽ» ይላት ነበር። ሽማግሌዎቹም «ቁጣ ነው፣ ያልፋል» አሏት። ያ ሰይጣን ግን የሰውየውን ሞተር ሳይክል አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም! ከዚያ ቤት የወጣችው የተሰበረ መኪናዋን ታቅፋ ነው። እና አሁን፣ በገዛ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ያው ቃል በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ መጣባት።

«ነብሮ ስንቴ አበደ?» አለች። «የራሱን ፈረስ መትቶ ያውቃል? ሁልጊዜ የሰው ነገር ብቻ ነው የሚታየው?»

«ፈቲ፣ ወላሂ ጨዋታ ነው...»

«ዛሬ ጨዋታ የለም። ውጡ!»

ማግስቱን ዳቦ ቤት ሄደች። ሩቲ ትሪ እየጠረገች «አ... አልመጣም» አለች።

ፈቲሀ ቃሉ እስኪያልቅ ጠበቀች። «አንድ ቀን ብቻ ነይ፤ ሸንጎ አለ። ከዚያ ከፈለግሽ ቅሪ።»

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ከጀፎረው በቀር ምንም አልተሳለም። «የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል» አለች ተራኪዋ። በዳይና ተበዳይ ስለማይጠጋጉ ሀቢቡን ከበሩ በኩል፣ ሩቲን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። የእንጨት ሜትሯን አነሳች።

«ይህን በትር የያዘ ይናገራል። ሸንጎ ላይ የተናጋሪ አፍ አይነጠቅም። ፍርዱም ይኸው፦ ነብሮ ራሱን በሳተ ቁጥር እሱን የሚያንቀሳቅሰው የተጎዳው ሰው ነው። ዛሬ ሩቲ።»

«እንዴ! ነብሮ እኮ የኔ ነው!» ሀቢቡ ጮኸ።

«ሲያብድ 'እኔ አይደለሁም' አላልክም?»

«ብያለሁ፣ ግን...»

«እንግዲያው ያንተ አይደለም!»

አብርሽ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ፈቲሀ በትሩንና ዳይሱን ሩቲ ፊት አኖረች። የሩቲ ዓይን ቀልቷል፤ የሁለት እሁድ ቁጣ ነው።

«ነ... ነብሮ...»

«ይቅርታ ይጠይ...» ብሎ ጀመረ ሀቢቡ፣ እንደ ልማዱ።

ፈቲሀ ትልቁን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። «አፏን አትንጠቃት!»

ውጭ ረዳቶቹ «ወልቂጤ! ወልቂጤ!» ይጣራሉ። ሦስቱም ጠበቁ።

«ነብሮ ጀ... ጀፎረው መሀል ይቆማል። ሰይፉን ይ... ይጥላል። ከዚያ ዝም ይላል። ማ... ማንም አፍ አይሰጠውም።»

«እስከ መቼ?» አለ ሀቢቡ።

«እኔ እ... እስኪበቃኝ።»

ሀቢቡ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ በሩ ድረስ ሄደ። መጋረጃውን ገለጠ። የሚለውን ፈለገ፤ በትሩ ግን ሩቲ እጅ ነበር። ተመልሶ ቁጭ አለ።

ሩቲ አልጨረሰችም። «ወለላም አ... አልሞተችም። ምላሷ ግማሹ ተርፏል። ካ... ካሁን በኋላ ስትዘፍንም ስትናገርም እንደኔ ነው። የቸኮለ ይ... ይሂድ።»

ከዚያ በተሰበረ ዜማ፣ እየቆመችና እየቀጠለች፣ ዓይኗን ከሀቢቡ ሳትነቅል አወጣችው፦

*እሳቱን ለኩሶ ነፋሱን የሚከስ፣*
*ማን ይጠይቀዋል አመዱ ሲታፈስ?*

አብርሽ አንገቱን ደፋ። ሀቢቡ ጆሮው ድረስ ቀላ። ፈቲሀ ግን ቁጣዋ አልበረደላትም፤ ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ። በግማሹ ከጀፎረው ማዶ ወንዙን ሳለች፤ መስመሩ ተጣመመባት፣ አላስተካከለችውም።

«እሺ ወለላ» አለች። «ወንዙ ዳር ደርሰሻል። ማዶ ሰዎች ቆመዋል። ምን ትያቸዋለሽ?»

ሩቲ አፏን ከፈተች። ማንም አልቀደማትም።