ጥጉ የተቆረጠው ድርሻዬ

ከወንድሜ ጋር መሬት የተካፈልነው በገመድ ነው። አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎች መጡና ቢጠና ከተማ አጠገብ ያለውን እርሻ ለሁለት ከፈሉት። ገመዱን በወንድሜ ድርሻ ዙሪያ አዞሩ፤ ያንኑ ገመድ በኔም ድርሻ ዙሪያ አዞሩ። ልክክ አለ። «እኩል ነው» ብለው መረቁን። እኔም አሜን አልኩ። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ አሜን ለማለት ደግሞ ፊደል አያስፈልግም።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን ነበረች። አባታችን በሕይወት ሳለ የእርሻውን አንድ ጥግ ለጸሎት ቤት ሰጥቷል፤ ያ ጥግ የወደቀው በኔ በኩል ነው። የወንድሜ መሬት እንደ በር ቀጥ ያለ ነው፤ የኔ አይጥ የቀመሰው ዳቦ ይመስላል። የሰጠው አባቴ፣ የተመሰገነው አባቴ፣ የጎደለበት እኔ። ግን ገመዱ እኩል ነዋ፣ ምን ይባላል!

ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አስተማሪያችን ከሶዶ የመጣች፣ ለልጅነት የምትሆነኝ ሴት ናት። አንድ ቀን ጥጉ የተቆረጠ ቅርጽ በጠመኔ ሳለች። መሬቴን ሰሌዳ ላይ አየሁት።

«የዚህን ስፋት እንዴት እናገኛለን?»

«ገመድ እናዞርበታለን» አልኩ፣ እንደ ሽማግሌ ጎሮሮዬን ጠርጌ።

«ጋሼ፣ እሱ ዙሪያው ነው እንጂ ስፋቱ አይደለም። ጥጉ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ዙሪያው ያው ነው። ሁለት አራት ማዕዘን አድርገን እንቆርጠዋለን፤ የየአንዳንዱን ርዝመትና ወርድ አባዝተን እንደምራለን።»

ከአናጺ ሜትር ተውሼ ለካሁ። የወንድሜ አርባ በሠላሳ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካሬ። የኔ አንዱ ቁራጭ አራት መቶ፣ ሌላውም አራት መቶ። ስምንት መቶ! ለካ የተመረቅኩት በጉድለቴ ነው።

ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት።

«ትምህርት ማለት ለካ የሰው መሬት መመኘት ነው» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ምን ይዘው መጡ? ገመድ! እንደገና አዞሩት፣ እንደገና ገጠመ፣ ደስ አላቸው። እኔ በየአሥር ሜትሩ ካስማ ተከልኩ፤ ሲባጎ ወጠርኩና «አሁን ክፍሎቹን ቁጠሩ» አልኳቸው። በወንድሜ አሥራ ሁለት፣ በኔ ስምንት። ያኔ የመረቁን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። ሦስቴም ስምንት።

«የጎደለው ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ከሱ ጋር ተከራከር» አለ ወንድሜ።

«የሰጠው የሁለታችን አባት አይደል? ታዲያ እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ ሰጪው? ግማሹን አንተም ስጣ!»

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። በመጨረሻ ድንበሩ አምስት ሜትር ወደ ወንድሜ ተገፋ። አምስት በአርባ፣ ሁለት መቶ ካሬ፤ አንድ ሺህ ለኔ፣ አንድ ሺህ ለሱ። ጎደሬ ተከልኩበት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሰላምታ የሚሰጠው ለሚስቴ ብቻ ነው፤ እኔን ሲያይ ሰማዩን መመርመር ይጀምራል።

ባለፈው ቅዳሜ ክፍል ስገባ ወንድሜ ፊተኛው ወንበር ላይ አዲስ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። መምህሯ ለምን እንደመጣ ጠየቀችው።

«የዚህን ሰውዬ ሂሳብ ላጣራ ነው» አላት፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ያጣራ። ገና «ሀ» ላይ ነው፤ ማባዛት እስኪደርስ ጎደሬዬ ሁለቴ ይደርሳል።