ኛኛ የሚባል ማንኪያ

የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ በር ላይ አስቆመችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሓፍተይ፣ አትደንግጪ እንጂ ልጅሽ አንዳንዴ ስነግራት የምትሰማኝ አይመስለኝም። ጆሮዋን አስመርምሪያት» አለችኝ። አትደንግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ገና ሕፃን ሳለች፣ መቐለ ውስጥ መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ፣ ግራ ጆሮዋ መግል ይዞ ለሳምንታት ፈስሷል። በሞቀ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ ከመጥረግ በቀር ያደረግኩላት ነገር የለም። ጆሮዋ ደረቀ፤ የእኔ ፍርሃት ግን አልደረቀም። በር በተንኳኳ ቁጥር ዞር ትል እንደሆነ ሰርቄ አያታለሁ።

አነጋገሯም የራሷ ነበር። ማንኪያን «ኛኛ»፣ ባጃጅን «ዳዳጅ»፣ ጃንጥላን «ታላ» ትላለች። መሳቅ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እኛ ግን አብረናት ማለት ጀመርን። እኔ ለዩኒቨርሲቲ ሥራ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ነኝ፤ ትግርኛዬ «ዐ» ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ደግሞ አማርኛ ሲናገሩ ያፍራሉ። ባለቤቴ ሥራ ከሄደ ሁለታችን በፈገግታና በ«ደሓን» ብቻ ነበር የምንውለው። ልጅቷ አፏን ስትፈታ ማናችንም የማናፍርበት ቋንቋ አመጣችልን። «ኛኛ ሃብኒ፣ ጓለይ» ይሉኛል፤ ስጪኝ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ኛኛው ታጥቧል፣ ኣደይ» እላቸዋለሁ። ሲዘንብ «ታላ!» እያልን ሦስታችንም እንሯሯጣለን። ቤታችን ውስጥ ማንኪያን ማንኪያ የሚል ሰው ጠፋ።

ሓወልቲ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ስወስዳት አማቴም አብረውኝ መጡ። ባለሙያው ትሑት ወጣት ነው። ልጅቷን ሥዕሎች በተደረደሩበት ጠረጴዛ ፊት አስቀመጣትና ከጀርባዋ ቆሞ፣ አፉን በወረቀት ከልሎ፣ በቀስታ መናገር ጀመረ። የሰማችውን መንካት አለባት።

«ውሻ» አለ። ነካች። «ቤት» አለ። ነካች። «ማንኪያ» ሲል ዝም አለች። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ዝም። በትግርኛም «ማንካ» አላት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሥዕሎቹን ታያለች። «ጃንጥላ» አለ፤ ቀጥሎም «ጽላል»። ምንም። ባለሙያው አንድ ነገር ጻፈ። እሱ በጻፈ ቁጥር ያን እርጥብ ጨርቅ አሁንም የያዝኩ እየመሰለኝ እጄን ቀሚሴ ላይ አብሳለሁ። ያኔ በየቤቱ እየዞርኩ መድኃኒት ያለውን ሰው ለምኜ ቢሆን ኖሮ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ።

ከኋላችን የተቀመጡት አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እኔ እንኳ እንደምንም በሰማሁት ሹክሹክታ፣ «ኛኛ» አሉ።

ልጄ ዞር ሳትል ጣቷን ማንኪያው ላይ አሳረፈች።

«ታላ» አሉ። ጃንጥላውን ነካች።

ባለሙያው ወረቀቱን ከአፉ አውርዶ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ነገሩን ስነግረው ሳቀና ለማረጋገጥ በመሣሪያም ለካት። ሁለቱም ጆሮዋ ደህና ነበር። «የሷ ጆሮ ምንም አልሆነም» አለኝ፤ «ግን ትክክለኛውን ቃል ከማን ትስማ?» እዚያው ወንበሩ ላይ ዓመታት የያዝኩትን እንባ ለቀቅኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኛን ቤት ጉድ ቀድማ የሰማችው አስተማሪዋ ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ መንገድ ላይ «ዳዳጅ!» ብላ ጠቆመች። «ባጃጅ በዪ» አልኳት ኮስተር ብዬ። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ በአማርኛ፣ አባቷ በትግርኛ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ እየጠራን አስተማርናት። ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀባትም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አማቴ አንድ ነገር ፈልገው እጃቸውን ዘረጉ። ቃሉ አፋቸው ላይ መጣና ልጅቷን አይተው ዋጡት። እኔም ገብቶኝ ወደ ሳህኔ አጎነበስኩ። ልጅቷ «ማንኪያ ነው የፈለግሽው?» ብላ አንስታ ሰጠቻቸው።

ማንኪያውን ይዘው ቆዩና ቀስ ብለው፣ በዚያ በሚያፍሩበት አማርኛ፣ «እሷስ ተማረች። እኛ አሁን በምን እናውራ፣ ጓለይ?» አሉኝ።