አጎቴ ያስተማሯቸው ሁለት ካልኩሌተሮች

አጎቴ ዕድሜያቸውን በመተማ ቆላ የሰሊጥ መሬት ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ሁለቱን ካልኩሌተሮቻቸውን ግን አውቃቸዋለሁ። የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ እኛ ጥቁሩና ግራጫው እንላቸዋለን። ጠማማ መሬት የሚሰላበትን መንገድ ራሳቸው በሁለቱም ላይ ጽፈው አስቀምጠዋል፤ ጎኖቹን ሲያስገቡለት ስፋቱን ያወጣል።

ከገንዳ ውሃ ከተማ የሚመጡ ወጣት ቀያሾች፣ “አባባ፣ የቱን እንግዛ?” ይሏቸው ነበር።

“ጥቁሩ ፈጣን ነው። የግራጫው ቁልፍ በላብ እጅም አይስትም። የሚሻለው ግን የባትሪ ድንጋዩ ሲወጣ ያስተማሩትን የማይረሳው ነው።”

“እሱ የቱ ነው?”

“ፈርቼ አውጥቼ አላየሁማ!” ብለው ይስቁ ነበር።

ባለፈው በጋ ታመው ጎንደር ሐኪም ቤት ገቡ። እኔም እንደ ራዲዮ ድንጋይ ይጠነክር መስሎኝ፣ የሁለቱንም ድንጋይ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ከዚያ መልሼ ከተትሁት። ሲመለሱ ግራጫው ሁሉን ያስታውሳል፤ ጥቁሩ ባዶ ሆኗል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

“ተነሽ ልጄ፣ የቱን እንደሚገዙ ዛሬ አወቅን” አሉኝ።

ጥቁሩን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እንደገና ማስተማር ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሳሉ ዐረፉ።

ቀያሽ የሆነችው ልጄ፣ “እማዬ፣ የቀረውን ከግራጫው ገልብጬ ልጨርሰው” አለችኝ። እሺ ማለት አቃተኝ። የእርሳቸው ጣት የቆመበት ቦታ የሚታወቀው ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ እስከሆነ ድረስ ነው። እሷ ወደ ሥራ ስትሄድ ብቻዬን ጥቁሩን አበራውና አየዋለሁ። አሁን ድንጋዩ እያለቀ ነው፤ ፊደሉ ደብዝዟል፤ ለመቀየር ደግሞ እጄ ይፈራል።