ወተትና የመስኮቱ ቀለም

ጓንጉል መስኮቶቹን ከሁዳዴ በፊት ለመጨረስ የቸኮለው በወተት ምክንያት ነው። ዲላ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲቀባ ኖሯል። አሮጌ ቀለም የሚያስለቅቀው በጋዝ እሳት እየለበለበ ወይም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነው፤ ማታ ወተት ይጠጣል። ወተት መርዙን ጠርጎ ያወጣል ብለው ያስተማሩት የቀድሞ ቀቢዎች ናቸው። ሁሉም ሆዳቸውን ይታመሙ ነበር። ወተቱ ባይኖር ይብስባቸው ነበር ብሎ ያምናል። በጾም ግን ወተት ስለሌለ አሮጌ ቀለም አይነካም።

የአሁኑ ሥራ የራሱ ቤት ነው። ገደብ ከተማ ሆና የወለደችው ልጁ ሉሊት ሕፃኗን ለክርስትና ልታመጣ ነው።

እሳቱን ሊለኩስ ሲል ደወለች።

«አባዬ፣ አረንጓዴው ቀለም የድሮ ነው፤ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። ጤና ጣቢያ ነግረውናል። ብታቃጥለው ጢሱ፣ በደረቁ ብትፍቀው አቧራው መርዝ ነው። እንደዚያ ካደረግህ ልጄን አላመጣትም።»

«እኔ ወተት እጠጣለሁ» አለ ጓንጉል።

«እሷስ ከወተት ሌላ ምን ትቀምሳለች? ወተት የሚያድን ቢሆን ሕፃን ባልተጎዳ። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ግን ሕፃን ነው።»

ጓንጉል ስልኩን ዘጋ። እሳቱን አስቀመጠ።

ባለቤቱ ይመኙሻል ከበሩ ቆማ ሰምታለች። «ታዲያ በምን ልታስለቅቀው ነው?»

«በውሃ።»

«ጥሩ፤ ውሃ አያስገድፍም።»

ሁዳዴ ገባ። ሉሊት ደግማ ደውላ እንደዘረዘረችለት ይመኙሻልን ከነምንጣፏና ከነድስቷ ጎረቤት ሰደዳት። ወለሉን በላስቲክ ሸፈነ፤ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ጭንብል አጠለቀ፤ ቀለሙን እያራሰ በእስፓቱላ ላጠው። ሲደርቅበት መልሶ ያርሰዋል። በእሳት ግማሽ ቀን የሚበቃው ሥራ ሳምንት ፈጀበት፤ ይህንንም ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነገረ። ልጣጩን ከነላስቲኩ ጠቅልሎ አሰረ፤ የሥራ ልብሱን ለብቻው አጠበ።

ይመኙሻል መጥረጊያ ይዛ መጣች።

«በሱ አይሆንም፤ አቧራውን ያስነሳዋል» ብሎ እርጥብ ጨርቅ ሰጣት።

«ዛሬ ደግሞ ቤት መጥረግ ልታስተምረኝ ነው?» አለች፤ ግን ወለወለች።

በክርስትናው ዋዜማ ሉሊት ደረሰች። የመስኮቱን ደፍ በጣቷ ዳበሰች፤ ጣቷን አየች። ከዚያ ሕፃኗን ከመስኮቱ ሥር አስተኛቻት። ጓንጉል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ተመስገን» አለ።

ለፋሲካ ይመኙሻል ወተት ቀዳችለት። «ለመርዙ ነው?»

«የለም፤ ስለምወደው ነው» አለና ጠጣው።