የተዘጋው ጉሮሮዬ እንዴት እንደተከፈተ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ተነሥቻለሁ። አፌ እንዳይቀባጥር ጽፌ ነው የመጣሁት። ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካበቀልኩ በኋላ ነውና ቃል ላይ ብደናቀፍ አትሳቁ። የሚስቅም ካለ ይሳቅ፤ እኔ ሳልጨርስ አልቀመጥም።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ነገሩን አስቀድሞ ሰምቶ፣ "ወንድም ሞላ፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ውሃ መቅዳት የምትለውን ተወው። ጌታ ፈወሰኝ በል፣ ይበቃል" አለኝ። አልተወውም! ጌታ የፈወሰኝ በዚያው መንገድ ነው። እሱ ያላፈረበትን እኔ ማን ነኝና ነው የማፍርበት? ስሙ ይባረክ!

የሮቢት ገበሬ ነበርኩ። አገራችንን ታውቁታላችሁ፤ ቆላው ላይ ባይዘንብም ተራራው ላይ ከጣለ ጎርፍ ይወርዳል፣ ጎርፉን ጠልፈን ወደ ማሳችን እናስገባና ማሽላ እንዘራለን። ስለዚህ የራያ ገበሬ ዓይኑ ሁልጊዜ ተራራው ላይ ነው። ሃይማኖት ነበረኝ? ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ በዓል አከብራለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የማመልከው ያንን ደመና ነበር።

በስልሳ አምስት ያ ደመና ከዳኝ። በሬዎቼ ወደቁ። ለዘር ያስቀመጥነውን በላን። እርዳታ አለ ሲባል ወደ ቆቦ መጠለያ ተነሣን፤ ባለቤቴ ብርቄ መንገድ ላይ ቀረች። አስፋልቱ ዳር ቀበርኳት። አልቃሽ የለ፣ ፍታት የለ። አጠገባችን መኪና ያልፋል፣ አይቆምም። መጠለያው ውስጥ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ "ይህ የኃጢአታችን ፍዳ ነው" ቢሉ፣ "አባቴ፣ እግዜር ኃጢአተኛ ፈልጎ ከሆነ ተሳስቷል፤ የሰቡት በመኪና አልፈዋል" አልኳቸው። ዛሬም እላለሁ። የተራበን ሰው ኃጢአተኛ ብሎ የሚያደክመው ጌታ የእኔ ጌታ አይደለም።

የቀረችልኝ አንዲት ልጅ ነበረች፣ የሺ። ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር።

መጠለያው ውስጥ ለሁለታችን በአንድ ጣሳ አጥሚት ይሰጡን ጀመር። እዚህ ላይ ስሙኝ። እህል ሲጠፋ ያልተዘጋው ጉሮሮዬ እህል ሲመጣ ተዘጋ! ጣሳውን አነሣለሁ፣ ደረቴ ይጠብቃል፣ ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። አልወርድ ይለኛል። አስቀምጠውና ወደ ተራራው ዞሬ እቀመጣለሁ። ደመና ቢመጣስ? በሬ የለኝም፣ ዘር የለኝም። ባይመጣስ? ቀኑን ሙሉ እህል ሳልቀምስ ይህንኑ አመነዥካለሁ።

የሺ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጣሳውን ታያለች። "ብይ እንጂ" እላታለሁ። "እሺ" ትላለች፤ እጇን ግን አትዘረጋም። ሆዷ ታሟል አልኩ። በየቀኑ ዓይኗ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ አንገቷ ራሷን መሸከም ሲያቅተው እያየሁ እሷንም ልቀብራት ነው ብዬ ይብሱን ተጨነቅኩ።

የመጠለያ ጎረቤታችን ዘሃራ ነበረች፤ የጎብዬ ሴት፣ ሙስሊም። በሽተኛ የሚያክመውን የመጠለያውን ድሬሰር እጁን ጎትታ ያመጣችልን እሷ ናት። ድሬሰሩ ዳና ይባላል፤ ከወላይታ የመጣ፣ በጌታ ያመነ ወንድም። አማርኛው አንዳንዴ ወንዱንና ሴቱን ይቀላቅልበታል። ዘሃራን "አንተ ወዲያ በል" ቢላት "ምነው፣ ጢም አበቀልኩ እንዴ?" አለችው። በዚያ ሁሉ ሞት መካከል ሰው ሳቀ።

ዳና ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ቆየና፣ "ልብህ ጤነኛ ነው። ጉሮሮህም ደህና ነው። ጭንቀት ነው" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "ሚስቴን መንገድ ዳር ቀብሬ መጥቼ ጭንቀት ነው ትለኛለህ? እሱንማ ያለ ድሬሰርም አውቀዋለሁ!"

"እዚህ ያልተጨነቀ ሰው ካለ አሳየኝ" አለ፣ "መጀመሪያ እሱን ነው የማክመው።" ከዚያ ወደ የሺ ጎንበስ ብሎ "አንቺስ ለምን አትበዪም?" አላት።

ልጄ እኔን አየችኝ። "አባዬ አልጀመረማ" አለች።

ወገኖቼ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በአገራችን አባወራው ሳይጀምር ልጅ እጁን አይሰድም። ብርቄ ይህን በቁንጥጫ አስተምራታለች። እኔ ብይ ብላትም እናቷ ያስተማረቻትን እየጠበቀች ነበር።

ዳና እየተቆጣ፣ "ሰማህ? ከረሃብ ያመለጠችውን ልጅ ጨዋነቷ ሊገድላት ነው። አንተ ካልዋጥክ እሷ አትበላም። ነገ አይደለም፣ አሁን ነው" አለኝ።

"አልችልም።"

"ብቻህን አትችልም። ጌታ ኢየሱስን እንለምነዋለን፤ አንተም የምነግርህን ታደርጋለህ።"

"ጸሎትህ የሚሠራ ከሆነ እኔ ምን አደርጋለሁ?"

"ጌታ ጉሮሮህን ይከፍታል፤ ጣሳውን ግን ወደ አፍህ አያመጣልህም።"

አስቀድሞ ትከሻዬን ይዞ ከተራራው አዞረኝ። ለተራራው ጀርባዬን ሰጠሁት። "አሁን ተንፍስ። ስታወጣው ቀስ፤ እሳት እንደምታናፍስ ሳይሆን ትኩስ ነገር እንደምታበርድ።" ተነፈስኩ። "የሚያስጨንቅህን ጮክ ብለህ ንገረኝ፤ ጌታም ይስማ።" "ብርቄ ሞታለች" አልኩ። ከቀበርኳት ወዲህ ስሟን ጠርቼው አላውቅም ነበር። "በሬ የለኝም። ዘር የለኝም። ደመና የለም።" "ከዚህ ሁሉ ዛሬ እጅህ የሚደርስበት የቱ ነው?" አለኝ። አሰብኩ፤ አንዱም። "ታዲያ እጅህ የሚደርስበት ምንድን ነው?" ጣሳውን አየሁት።

ጸለየ። አጭር ጸሎት ነበር፤ እንደ አንዳንዶቻችን አላስረዘመውም። ጣሳውን በችኮላ ሳነሣ አጥሚቱ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ይሄኔ ዘሃራ መታገሥ አቃታት። "ወላሂ አያ ሞላ፣ ሽፍታ ያልደፈረህ ሰውዬ አጥሚት ሊረታህ ነው! ቢስሚላህ በልና ዋጥ!"

ተናደድኩ። "ኢየሱስ ሆይ፣ ካለህ አሁን ነው!" አልኩና አንድ ጊዜ ጎነጨሁ። ተናነቀኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ወረደ! ሃሌሉያ! ወረደ እኮ!

የሺ ጣሳውን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። እንዲያ ያለ ስድ ልጅ አይቼ አላውቅም። ጌታ ይክበርበት!

ዘሃራ ቢስሚላህ አለች ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን አኮሳተራችሁ። አዎ፣ እሷ እስከ መጨረሻው በእስልምናዋ ኖረች። ጌታ በማን እጅ እንደሚልክ ግን እናንተን አያማክርም!

በማግስቱ ጭንቀቱ ተመልሶ መጣ። ያ ተወው ላለኝ ሽማግሌያችን ያልጣመው ይህ ነው። ዳና ባዶ ጀሪካን ሰጠኝና "መቆም ላልቻሉት ውሃ ቅዳላቸው" አለኝ። ወንዶቹ "ሞላ ሴት ሆነ" እያሉ ተሳለቁ። እኔ ግን ቀዳሁ። ሸክም የያዘ ሰው ደመና ሲቃኝ አይውልም፤ የደከመ ገላም እንቅልፍ ያገኛል። ጠዋት ጠዋት ከዳና ጋር እንጸልያለን፤ የሚያንቀኝን በስሙ እየጠራሁ ለጌታ እነግረዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አመንኩት። ዘመዶቼ "ለአጥሚት ብሎ ሃይማኖቱን ሸጠ" አሉ። "አጥሚቱንማ ሁላችንም ጠጥተነዋል፤ እናንተ ለምን ሳትሸጡ ቀራችሁ?" አልኳቸው።

ዛሬም ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ደረቴ ይጠብቃል። ይጥበቅ! አልደበቅም፣ እምነቴ ጎደለ ብዬም አላለቅስም። ዞር እላለሁ፣ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ፣ ለአንድ ወንድም ሄጄ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ የጎረቤት አጥር ቢሆን አጥራለሁ። ጭንቀት ይመጣል፤ ቤቴን ግን አይወርስም፣ ባለቤቱ ሌላ ነው።

የሺ እዚያ ከእህቶች መካከል ተቀምጣለች። ጠዋት "አባዬ፣ የጣሳውን ነገር አታንሣ፣ ልጆቼ ይሰማሉ" ብላኝ ነበር። ይስሙ! እናታቸው በሕይወት ያለችው እንዴት እንደሆነ ይወቁ።

ከእናንተም መካከል ጉሮሮው የተዘጋ አለ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ጸልዩ ብዬ ብቻ አልሸኛችሁም። ከዚህ ስንወጣ ቤቴ ኑ፣ ያለውን አብረን እንቀምሳለን። እያለቀሳችሁም ቢሆን ብሉ። እንባና እህል አብረው ቢወርዱ ጌታ አይቆጣም። እመኑት።