ቅቤ ያልቀመሰችው ቅቤ ነጋዴ

ጌዶ ገበያ ላይ ወርቅቱ ፉፋን የማያውቃት ለሽያጭ የቀረበው በሬ ብቻ ነበር። ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ከሸነን በፈረስ ተጭኖ የመጣ ቅቤ ሲቀርብላት ቀጭን እንጨት እስከ ውስጡ ትሰካለች፤ አውጥታ ታሸተዋለች፤ ከዚያ ጫፉን በምላሷ ነካ ታደርገዋለች። «ይሄ ውስጡ ድንች አለበት» ካለች አለበት ነው። እሳት የላሰች ሴት ነበረች። ዋጋ ስትጨምር «ቅቤ ነጋዴ ድርቅ ያወራል» እያሉ ሲተርቧት አብራ ትስቅና በጨመረችው ዋጋ ትሸጥላቸዋለች።

እኔ ጉርሙ ያን ጊዜ የመንግሥት ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ላይ «ግራ እጄ ይዝላል» ብላ መጣች። ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የደም ትርታዋን ልቆጥር ግራ አንጓዋን ብይዝ ምንም የለም። ጣቴን ባዛውርም የለም። እሷ ፊቴ ቁጭ ብላ የሰኞ ገበያን ወሬ ታወራኛለች፤ እኔን ላብ አጥምቆኛል። በቀኝ እጇ ይመታል፣ በግራው ዝም ነው። አምቦ ላክኋት፤ ከአምቦ ደግሞ አዲስ አበባ ላኳት። ባሏ በድሉ ወፍጮውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነበርኩ።

የአዲስ አበባው ሐኪም ትልልቆቹ የደም ቧንቧዎቿ ውስጥ ውስጡን እየተቆጡ ይጠባሉ አለ። ክኒን ሰጣት። የደሟ ስብም ከፍ ብሏልና ቅቤና ጮማ ይቅርባት፣ በየአራት ወሩም ደሟ ይታይ አለ።

ወርቅቱ ቅቤ ተወች። ለልጆቿ ጨጨብሳ እያሸች እሷ ደረቅ ቂጣዋን ትገምጣለች። ጎረቤቶቿ «ጴንጤዋ ሁዳዴ ያዘች» ብለው ሳቁ። ገበያ ላይም እንጨቱን አሽትታ ብቻ ትመልሰዋለች። በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ ድንች የተቀላቀለ ቅቤ ተሸከመች።

የምርመራው ወረቀት ግን ስቡ ጨመረ ይላል። በሚቀጥለውም ጨመረ። እንግሊዝኛውን የማነበው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንደኛው በሽታው ምን ያህል እንደተነሳሳ የሚናገር፣ ሁለተኛው የስቡ። እኔ ሁለተኛውን ብቻ አይቼ ደነፋሁ።

«አዴ ወርቅቱ፣ እኔን ብታታልዪ ደምሽን አታታልዪም።»

«እግዚአብሔር ያውቃል ኦቦ ጉርሙ፣ በምላሴ አልነካሁም።»

«ታዲያ ወረቀት ይዋሻል?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ሄጄ ለበድሉ ነገርኩት፤ ምነው ያን ቀን አፌን በቆረጠው። በድሉ ለእናቱ ለኡርጌ ነገራት። ኡርጌ «መቅመስ የለመደ ምላስ መች ያርፋል» አለችና በገበያ ቀን ከምራቷ ጎን ተቀምጣ አፏን ትጠብቅ ጀመር። ገበያተኛው ሁሉ እያየ። ያቺ ተጫዋች ሴት ተረብ መመለስ ተወች፤ ቅቤዋን መዝና፣ አንገቷን ደፍታ መሸጥ ብቻ ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ዓይኗም ይጨልምባት ጀመር። አዲስ አበባ ስንመለስ ያገኘናት ሐኪም ሌላ ነበረች። ወርቅቱን ውጭ አስቀምጬ «ቅቤ አልተውም ብላ አስቸገረችን» ብዬ ከሰስኳት። ሐኪሟ ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ሲወጡ አላዩም? በሽታው ሲነሳ የደሙ ስብም አብሮ ይዛባል። ክኒኑም ራሱ ይጨምረዋል። ቅቤ መተው ብቻውን ላያወርደው ይችላል።»

«አሁን ምን እናድርግላት?»

«ያለንን መድኃኒት ሰጥተናታል» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከዚህ ወዲያ እጃችን ላይ ምንም የለም።»

ወደ ጌዶ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። የጊንጪን ከተማ ስናልፍ፣ «አዴ ወርቅቱ፣ ቅቤው አይደለም አሉ። በሽታው ራሱ ነው። ይቅር በይኝ» አልኳት።

ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እውነት አልበላሁም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዴ፣ አንቺ አታውቂም?»

«ሁላችሁም በላሽ ስትሉኝ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ቀን አማቴ ትጠብቀኛለች፤ እንግዲህ ተኝቼ ሳላውቀው ተነስቼ እበላ ይሆናል አልኩ። እጄን በመቀነት ከአልጋው ጋር አስሬ ነው የማድረው፤ ይኸው ዓመት አለፈኝ።»

ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ያባበለችኝ እሷ ናት።